ዱካ

ግባ ያሞዋ ልጄ፣ ግንዱ ላይ አረፍ በል፤
የንጉሥ ዳሌ ሳይለካ ዱካ አይፈለፈል።
ጫማህን አታውልቅ፣ ከእንግዲህ ነውር ነው፤
እግርህ አፈር ከነካ አገር ነው የሚርበው።
አሥራ ሰባት ዓመትህ፤ ጢምህ ገና ላባ፤
ትናንት ነበር መሰል፣
ከወንዝ ዓሣ ይዘህ በዚህ ደጅ ስትገባ።

አያትህ አፍራኮማ፣ ንግሥቲቱ እናት፣
ስምህን ስትጠራ ከሽማግሎች ፊት፣
የሟቹ የኦዊሬዱ የአብራኩ ልጁ
ቆሞ ነበር በደጁ፣
የአባቱን ጫማ ይዞ፣ እንደ ልማዱ በእጁ።
አላለቀሰም። ያውቃል ከሕፃንነቱ፣
በአሱምፓ ንግሥና የሚወርደው በእናት ነው፣ በማሕፀን ቤቱ፤
አባት ያወርሳል እንጂ ነፍስና ቁጣውን፣
የእህት ልጅ ነው የሚወስድ ዱካውን።

እኔ ኦዱሮ፣ ሦስት ነገሥታት ለካሁ፤
በዚችው ገመድ፣ ቋጠሮዋን እያት፣ ሦስቱንም ቋጠርሁ።

አምፖንሳ ወፍራም ነበር፤ ሲስቅ ግንዱ ይንቀጠቀጣል፤
«ሰፋ አድርገው» አለኝ፣ «ንጉሥ እያደር ይሰፋል።»
እውነቱን ነው፤ ሬሳው በበር አልወጣ ብሎ
ግድግዳ አፍርሰን አሾለክነው፣ በስምንት ሰው ታዝሎ።

ሁለተኛው ዳርኮ። አትደንግጥ፣ ሰው የለም።
ከበሮው ስሙን ይዘላል፤ እጄ ግን አይዘልም።
ጥፋቱ ምን ነበር? ከሚዛኑ ሥር ሰም ለጥፎ ተገኘ፤
ሰሙ ከወርቁ ሲለይ ወሬው በአገር ተናኘ።
አፍራኮማ ናት፣ የገዛ እህቱ፣
ዱካውን የሳበችው ከተቀመጠበቱ።
ተቀመጠ አፈር ላይ። ሦስት መቶ ሰው ዝም።
አንዲት ፍየል ብቻ ጮኸች፤ እሷ ሕግ አታውቅም።
በዚያው ሌሊት በታንኳ ወንዙን ተሻገረ፤
ወዴት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ።
እሷም ልጇን ተካች። ሕግ ነው ወይስ እናትነት፣
እኔ ጠራቢ ነኝ፤ አልገባሁበት።

ዱካውን «አቃጥል» አሉኝ። እጄ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።
የስድስት ወር ድካም ነው፤ ደበቅሁት ከጓሮ ደጄ።
ዶሮዎቼ ወደዱት፤ በምሰሶዎቹ መሀል
ገለባ ጎዝጉዘው ይጥላሉ እንቁላል፤
እናት ለልጇ አውርሳ፣ ይኸው እስከ ዛሬ፤
የእናት ወገን ነው የሚነግሥ እዚያም፣ በጓሮ አጥሬ።

ከዚያ የአጎትህ ዘመን፤ ሃያ ሁለት ክረምት።
«ዱካው ይነቃነቃል» ብሎ ያስጠራኝ ነበር በየወሩ፤
«እግሩስ ደህና ነው ጌታዬ፤ የተነቃነቀው ምድሩ።»
ባለፈው ወር፣ አቧራው ነፋስ ከሰሜን ሲዘልቅ፣
ትልቁ ዛፍ ወደቀ።
(«ሞተ» አትበል፤ ንጉሥ ሲወድቅ እንጂ ሲሞት አናውቅ።)

በክብር ለወደቀ ዱካው ይጠቁራል፤
ጥቀርሻና የእንቁላል አስኳል ተቀብቶ ከአያቶች ተርታ ይገባል።
አሽከሮቹ እንቁላል ፍለጋ መንደሩን አሰሱ፤
በዚያ ደረቅ ነፋስ ዶሮ አይጥልም፤ ባዷቸውን ተመለሱ።
ከእኔ ጓሮ ብቻ ተገኘ።
ሰባት። ሙቅ። ከዳርኮ ዱካ ሥር።
ቆጥሬ ሰጠሁ። ምን ልናገር?

እና ነገ ስትሰግድ ከጨለማው ቤት ገብተህ፣
የአጎትህን ጥቁር ዱካ በመዳፍህ ዳብሰህ፣
ከጥቁረቱ ሥር ቢጫ አለ፤ ከቢጫው ሥር ደግሞ ያ ሰው፣
ከበሮ የዘለለው፣ ዶሮ ግን ያልረሳው።

አያትህ ታውቅ ይሆን? ትናንት ማታ መጣች፤
ያለ አጃቢ፣ በምርኩዝ። ጓሮዬን ዞራ አየች።
ዶሮዎቹን ቆጠረች፤ ረጅም ጊዜ ቆመች፤
«እንዳትሸጣቸው» አለች።

ሰው ሄዶ ዱካው ይቀራል፤ ንጉሥም ሄዶ ዱካው፤
የኋለኛውን ለካሁልህ፣ የፊተኛውን ገመዴ አይለካው።
በል ተነስ፣ ጨረስሁ። ጥላ ያዦችህ መጡ፤
ስትወጣ በሩን ግጠመው፣
ዶሮዎቹ እንዳይወጡ።